«ፊደሉን ብቻ ለቀም ለቀም አድርጊልኝ»፦ አርታኢ ስትቀጥሩ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ቴሌግራም ላይ ፋይል ይገባል። ከሥሩ ሁሌም ያው መልእክት አለ፤ «ሥራው አልቋል፣ ፊደሉን ብቻ ለቀም ለቀም አድርጊልኝ።» መጽሐፍ የጻፈውም፣ መመረቂያ ጽሑፍ የያዘውም፣ የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ያዘጋጀውም ይህንኑ ይላል። ከሁሉም ስህተት የሚያንገበግበኝ ይሄ ስለሆነ ከሱ ልጀምር።

ፊደል ለቀማ የመጨረሻው ሥራ ነው። ከሱ በፊት ሁለት ሌላ ሥራ አለ። አንዱ የይዘት አርትዖት ነው። ምዕራፎቹ ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል? የተደጋገመ አለ? እርስ በርሱ የሚጋጭ አለ? ሌላው የቋንቋ አርትዖት ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ሳያደናቅፍ ይነበባል ወይ? የሦስቱ ዋጋም ጊዜም ይለያያል። ባለጉዳዩ ግን የሦስቱን ውጤት እየጠበቀ የአንዱን ብቻ ያዝዛል።

ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን አንድ አባት የሕይወት ታሪካቸውን አመጡልኝ። «ልጄ፣ ይዘቱን አትንኪብኝ» አሉ። እሺ አልኩ። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ አብዮቱ የፈነዳው በ1966 ነው። አምስተኛው ላይ በ1974። ሁለቱም ልክ ነው፤ አንዱ በእኛ፣ አንዱ በፈረንጆች አቆጣጠር። አምስተኛውን ሲጽፉ ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ እያዩ ነበር። ግን «ዓ.ም.» የለ፣ «እ.ኤ.አ.» የለ። ሠርጋቸው ደግሞ በእኛ በ1968 ነው። አምስተኛውን ምዕራፍ ያነበበ ሰው አብዮቱ የመጣው እሳቸው ከተዳሩ ከስድስት ዓመት በኋላ ይመስለዋል።

«1974» ላይ የፊደል ግድፈት የለም። አይቼዋለሁ፤ የታዘዝኩት ፊደል ነው ብዬ ዝም አልኩ። መጽሐፉ ታተመ። ስህተቱን ራሳቸው አገኙት፣ ለምረቃው ዕለት የሚያነቡትን ገጽ ሲመርጡ። ደውለው «አይተሽው ነበር?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ብታዘዝም ባልታዘዝም በየዓመተ ምሕረቱ ላይ ምልክት አደርጋለሁ።

ስለዚህ ጽሑፋችሁ ምን እንደጎደለው ካላወቃችሁ እሱኑ ንገሩን። «አንብበሽ ምን እንደሚያስፈልገው ንገሪኝ» በሉ። እሱ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ከፍላችሁ አሠሩት።

ሌላው የሰው አመራረጥ ነው። «አማርኛው ግሩም ነው» ተብሎ ብቻ ሥራ የሚሰጠው ሰው ብዙ ነው። ጥሩ ተናጋሪ፣ ጥሩ ገጣሚ፣ ጥሩ የአማርኛ አስተማሪ ሁሉ አርታኢ አይደለም። ሦስት ገጽ ናሙና አሠሩ። ገጹን ከመሀል አውጡ፤ መግቢያውን አሥር ጊዜ ስለምታሻሹት የጽሑፉን እውነተኛ መልክ አያሳይም። ናሙናው ሲመለስ የታረመውን ብቻ አትቁጠሩ፤ የጠየቃችሁን ጥያቄ እዩ። ለምሳሌ «ሥራ»ን በንጉሡ ሠ ነው ወይስ በእሳቱ ሰ የምንጽፈው? «ዓመት»ስ በዓይኑ ነው በአልፋው? ለዕለት ተዕለት ጽሑፍ ዋናው ነገር አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው መያዝ ነው። መንፈሳዊ ጽሑፍ ላይ ግን ነገሩ ይከብዳል። «ሰአሊ ለነ» ለምኝልን ማለት ነው፤ በንጉሡ ሠና በዓይኑ ዐ ከተጻፈ «ሣዪልን» ይሆናል። ምንም ሳይጠይቅ ሥራውን የሚመልስ አርታኢ ያስፈራኛል።

በገጽ አትዋዋሉ። በ10 ፖይንት የፊደል መጠን ታጭቆ የመጣ 100 ገጽ በ12 ሲከፈት ሌላ ቁጥር ይሆናል፤ ከዚያ ጭቅጭቅ ነው። በቃል ብዛት ተዋዋሉ፣ ዎርድ ራሱ ይቆጥርላችኋል።

«ዲፌንሴ (መመረቂያ ጽሑፌን ፈታኞች ፊት የማቀርበው) ሐሙስ ነው» ብሎ ማክሰኞ ማታ 120 ገጽ የሚልክ ተማሪ አልቀበልም።

የድሮ ፋይል ያላችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት መለያ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በነበሩ የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተጻፈ ጽሑፍ እኔ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ቅልቅል ሆኖ ይመጣል። ሁሌም ፒዲኤፉን አብራችሁ ላኩ። ምን መሆን እንደነበረበት ማየት አለብኝ።

ፋይሉ እኔ ጋ እያለ እናንተ ጋ ያለውን አትንኩ። በጣም እለምናችኋለሁ። ሁለት ሳምንት ከሠራሁ በኋላ «እኔም ትንሽ ትንሽ ጨማምሬበታለሁ» ተብሎ ሌላ ፋይል ሲመጣ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ መስመር በመስመር ማስታረቅ አለብኝ። ያኔ ነው ስህተት ሾልኮ የሚገባው። አዲስ ሐሳብ ከመጣላችሁ ለብቻው ጻፉና ላኩልኝ፣ ቦታውን እኔ አገኝለታለሁ። በዲዛይነር ገጹ ከተቀነባበረ በኋላ አርታኢ መፈለግም ያው ነው፤ አንድ አንቀጽ ሲወጣ ተከታዩ ገጽ ሁሉ ይንሸራተታል፣ ማውጫውም አይገጥምም።

የመጨረሻው «ሁሉንም ተቀበል» የምትለዋ ቁልፍ ናት። እርማቱን በትራክ ቼንጅ፣ እያንዳንዱን ለውጥ ምልክት አድርጎ በሚያሳየው የዎርድ መሣሪያ፣ የምንልክላችሁ አንድ በአንድ እንድታዩት ነው። እኛም እንሳሳታለን። አንድ የወሎ ልጅ ስለ ሴት አያቱ የጻፈውን ሳርም በንግግራቸው ውስጥ ያለውን «አብሽር» ሁሉ «አይዞህ» አድርጌዋለሁ። የተስተካከለ አማርኛ መስሎኝ ነበር። እሱም አምኖኝ ሳያነብ ሁሉንም ተቀበለ። ማተሚያ ቤት ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ለእህቱ ጮክ ብሎ ሲያነብላት «ይቺ ማን ናት?» አለችው። አንድ ሌሊት ሙሉ ቁጭ ብለን እያንዳንዷን «አብሽር» መለስናት።

አሁን በንግግር ውስጥ ያለ ቃል ስነካ ጎኑ ላይ «እሳቸው እንዲህ ይሉ ነበር?» ብዬ እጽፋለሁ። ያንን ጥያቄ ስታዩ ሳትመልሱልኝ አትለፉ።