የላኦስን የነሐስ ቡድሃ እንዴት እንለየው? እንዴትስ እንያዘው?

ቁጭ ያለ የነሐስ ቡድሃ ስታዩ ቶሎ «የታይላንድ ነው» አትበሉ። የላኦስ ባለሙያዎች የራሳቸው እጅ አላቸው። መጀመሪያ ፊቱን እዩት። አፍንጫው ስል ነው፣ ጫፉም እንደ ወፍ መንቁር ወደ ታች ቆልመም ይላል። ጆሮዎቹ ረጃጅም ናቸው፣ ጣቶቹ ቀጫጭንና ብዙ ጊዜ እኩል ቁመት ያላቸው፣ አናቱ ላይ ደግሞ የነበልባል ቅርጽ ይታያል። ነበልባሉ ታይላንድም ስላለ በእሱ ብቻ አትወስኑ።

ቀጥሎ እጆቹን። ግራው መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ ጭኑ ላይ ያርፋል፣ ቀኙ ጉልበቱን አልፎ ጣቶቹን ወደ መሬት ያወርዳል። ማራ የተባለው ፈታኝ ከተቀመጠበት ሊያስነሳው ሲታገል ምድርን ለምስክርነት የጠራበት ቅጽበት ነው፤ ይህን ሳያውቅ የሚያይ ሰው ዝም ብሎ ያረፈ እጅ ይመስለዋል።

መቀመጫውንም ዞር ብላችሁ እዩ። ጽሑፍ ካለው የለጋሹ ስምና ዓመቱ ሊኖርበት ይችላል። ዓመቱ ቹላ ሳካራት በሚባለው የአካባቢው የድሮ ዘመን አቆጣጠር ከሆነ 638 ደምሩበት፤ 1000 ቢል በፈረንጅ 1638 ነው። 7 ወይም 8 እየደመርን ላደግን ሰዎች ይሄ ቀላል ነው። ዓይናችሁን ማለማመድ ከፈለጋችሁ ዋና ከተማው ቪየንቲያን ውስጥ ዋት ሲ ሳኬት የሚባለው ቤተ መቅደስ ግቡ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ምስሎች አሉ፤ ሆ ፍራ ኬው ሙዚየምም ከመንገዱ ማዶ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ አትወልውሉት! ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ የብረት ማጽጃ፣ አንዱም አይነካው። ያ ጠቆር ያለ ቀለም በዘመናት የመጣ ነው፣ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ አራግፉ፣ ላብ ነሐስ ስለሚበላ ጓንት አድርጉ። ከላዩ የተጣበቀ ጠንካራ አረንጓዴ ችግር የለውም። ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት እየረገፈ ከሆነ ግን እርጥበትና ጨው ከውስጥ እየበሉት ነው፣ ደረቅ ቦታ አስቀምጡትና የቅርስ ጥገና ባለሙያ ጥሩ።

ስታነሱት ከሥሩ በሁለት እጅ ያዙ፣ ጭንቅላቱን አትጨብጡ። ወለል ላይ ወይም መታጠቢያ ቤት አታስቀምጡት፤ ለላኦስ ሰዎች የሚሰግዱለት ቅዱስ ነገር ነው።

ላኦስ ሄዳችሁ «ጥንታዊ ነው» ብሎ የሚሸጥላችሁ ካጋጠማችሁ አትግዙ። ጥንታዊ ምስል ያለ መንግሥት ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው፣ ከቤተ መቅደስ የተሰረቀም ሊሆን ይችላል። አዲስ የተሠራውን ግዙ፤ ደረሰኙንም እስክትወጡ ድረስ አትጣሉ።