ሰርቨር ከቀየራችሁ በኋላ ሰው መግባት ሲያቅተው

ማታውን አክቲቭ ዳይሬክተሪውን (የቢሮውን ተጠቃሚዎችና ፓስወርዶች የሚይዘውን) ወደ አዲሱ ሰርቨር አዛውሬ፣ ጠዋት ከደሴ ስወርድ ገና ሐረጎን ሳልጨርስ ስልኬ ጮኸ። የኮምቦልቻው ቢሮ ገንዘብ ያዥ ናት። «ወንድሜ፣ አላስገባም አለኝ እኮ! ማታ ምን ነካክተህ ሄድክ?»

እንዲህ ሲባል እጅ ቶሎ የሚሄደው ፓስወርድ ወደመቀየር ነው። ተዉት። ፓስወርዱ ብዙ ጊዜ ደህና ነው።

መጀመሪያ ዲኤንኤስ፣ ማለትም ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚተረጉመው። ኮምፒውተሩ ዶሜይን ኮንትሮለሩን (ሰው እንዲገባ የሚፈቅደውን ሰርቨር) የሚያገኘው ዲኤንኤስን ጠይቆ ነው፤ የሚጠይቀው የሌለ ሰርቨር ከሆነ አዲሱ ምንም ያህል ደህና ቢሆን አያየውም። የተቸገረው ሰው ኮምፒውተር ላይ ሄዳችሁ «አይፒኮንፊግ ኦል» (ipconfig /all) በሉና የዲኤንኤሱን መስመር አንብቡ። የአሮጌው አይፒ ካለ ዲኤችሲፒው (ለኮምፒውተሮች አይፒ የሚያድለው) ላይ ቀይሩት። አይፒ በእጅ የተሰጣቸውን ማሽኖች ግን እየዞሩ ማስተካከል ነው፣ ሌላ መላ የለውም። ደግሞ «ኢንተርኔት እንዲፈጥን» ተብሎ የጉግሉ 8.8.8.8 ሁለተኛ ዲኤንኤስ ሆኖ ገብቶ ከሆነ አውጡት። ጉግል የእናንተን ቢሮ ዶሜይን ከየት ያውቀዋል? ከፈለጋችሁት ሰርቨሩ ላይ ፎርዋርደር (ሰርቨሩ ራሱ የማያውቀውን ስም የሚጠይቀው) አድርጉት።

ቀጥሎ ሰዓት። ከርቤሮስ (የሚገባውን ሰው ማንነት የሚያረጋግጠው ፕሮቶኮል) በኮምፒውተሩና በሰርቨሩ መካከል ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት አይታገስም። የገንዘብ ያዧ ችግር እዚህ ነበር። ስደርስ ማሽኗ 2፡40 ይላል። በኛ አቆጣጠር ልክ ናት፤ ኮምፒውተሩ ግን 8፡40 ማለት ነበረበት። የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቷል፣ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ሲነሳ ሰዓት ሙላ ይላታል፣ እሷም የእጅ ሰዓቷን አይታ ትሞላለች። ድሮ አሮጌው ሰርቨር ዝም ብሎ ያስተካክልላት ነበር፣ አሁን የሚያስተካክል ጠፋ። ባትሪውን ቀየርኩ፣ ሰዓቱን በእጄ አስተካከልኩ፣ ገባች።

ዋናው ግን ሰርቨሩ ጋ ነው። አዲሱ ላይ «ኔትዶም ኩዌሪ ኤፍኤስኤምኦ» (netdom query fsmo) ብላችሁ 5ቱ ሮሎች (እያንዳንዳቸውን አንድ ሰርቨር ብቻ የሚይዛቸው ልዩ ሥራዎች) ማን ጋ እንዳሉ እዩ። አሮጌው ጋ የቀረ ካለ አዛውሩ። በተለይ ፒዲሲ ኢሙሌተር የሚባለው የዶሜይኑ ሰዓት ጠባቂ ስለሆነ እሱን የያዘው ሰርቨር ከውጭ ኤንቲፒ (በኔትወርክ ሰዓት የሚያድል) ሰርቨር ሰዓት እንዲወስድ አድርጉት።

ሰው ገብቶ ድራይቩ (የጋራ ፎልደሩ) ወይ ፖሊሲው (ከሰርቨሩ የሚመጣው ሴቲንግ) ካልመጣ አዲሱ ላይ «ኔት ሼር» (net share) በሉ። ፖሊሲና ስክሪፕት የሚቀመጥባቸው ሲስቮልና ኔትሎጎን (SYSVOL፣ NETLOGON) ሁለቱም መታየት አለባቸው። ከሌሉ ሬፕሊኬሽኑ (ከአሮጌው ወደ አዲሱ የሚገለበጠው) አላለቀምና «ዲሲዲያግ» (dcdiag) እና «ሬፕአድሚን» (repadmin) የሚሉትን አንብቡ። ካሉ ደግሞ ድራይቩን የሚያመጣውን ስክሪፕት ክፈቱት፤ የአሮጌው ሰርቨር ስም ውስጡ ተጽፎ ታገኙት ይሆናል።

አሮጌውን ፎርማት ለማድረግ አትቸኩሉ። ሮሎቹ ከተዛወሩ በኋላ አጥፉትና አንድ ሳምንት ያህል ይቀመጥ፣ የሚጮህ ይጩህ፤ ከዚያ አብርታችሁ በወጉ ዲሞት አድርጉት (ከዶሜይን ኮንትሮለርነት አውርዱት)። የኔው ከጠፋ በ3ኛው ቀን ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ስካን አልልክም አለ። ሴቲንጉ ውስጥ ገብቼ ሳየው የኤልዳፕ (አክቲቭ ዳይሬክተሪውን የሚጠይቅበት) አድራሻው ላይ የአሮጌው አይፒ ቁጭ ብሏል።