ጥቁር ቲሸርት ላይ ቀይ ሲበላሽ፦ በዲስቻርጅ ቀለም አዘገጃጀት የሚደጋገሙ ስህተቶች

ጥምቀት ሲቃረብ ደብረ ብርሃን ውስጥ የቲሸርት ሥራ ይበዛል። የሰፈር ወጣቶች ያዛሉ፣ የሰንበት ተማሪዎች ያዛሉ፤ ጥቁር ላይ ቀይ ጽሑፍ የሚፈልግም አይጠፋም። በዚያ ሰሞን ጀማሪ አታሚዎች የከሸፈ ቲሸርት ይዘው ይመጡና «ቀለሙ ተበላሽቶ ይሆን?» ይሉኛል። የአንዱ ቀይ ጡብ መስሏል፣ የሌላው ሮዝ ሆኗል፣ የሦስተኛው ደግሞ በመጀመሪያው እጥበት ለቋል። ቀለሙን አይቼ ብዙ ጊዜ አንዳች እንከን አላገኝበትም። ጥፋቱ ያለው በአበጣጠሩ ላይ ነው።

ዲስቻርጅ ቀለም እንደ ፕላስቲሶል (ጨርቁ ላይ ተደርቦ የሚቀመጥ የፕላስቲክ ቀለም) ጥቁሩን አይሸፍንም። ውስጡ የሚጨመረው አክቲቬተር የተባለ ዱቄት ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ የጨርቁን ማቅለሚያ ያጠፋል፤ ቀለም ሰጪው ቀይ ፒግመንት ደግሞ በባዶው ቦታ ይቀመጣል። ስለ ስክሪን (ቀለሙ ስለሚያልፍበት ወንፊት) አወጣጠርና ስክሪኑ ላይ ስለሚቀባው ውሃ የሚቋቋም ሽፋን፣ ስለ ኢመልሽን፣ እዚህ አላነሳም። እሱን ያልጨረሰ ሰው ቀይ ለመበጥበጥ አይቸኩል።

ያለ ሚዛን መበጥበጥ

ከሁሉም የሚያበሳጨኝ ይህ ነው። ሰዎች ለስክሪንና ለማተሚያ ጠረጴዛ ብዙ ገንዘብ ያወጣሉ፤ ግራም የምታነብ ትንሽ ሚዛን ለመግዛት ግን እጃቸው ያጥራል። አክቲቬተሩን በሻይ ማንኪያ፣ ፒግመንቱን በጠርሙስ ክዳን ይሰፍራሉ። አንድ ጎበዝ ወጣት ለእግር ኳስ ቡድን ያማረ ቀይ አወጣ። ቡድኑ ወድዶት ተጨማሪ ሲያዝ ያንን ቀይ መልሶ ማግኘት አልቻለም። ምን ያህል ፒግመንት እንደጨመረ ስጠይቀው በጣቶቹ መጠኑን አሳየኝ። ተጫዋቾቹ ሁለት ዓይነት ቀይ ለብሰው ሜዳ ገቡ። እንዲህ ያለ እጅ ያለው ልጅ በሚዛን ማጣት ደንበኛ ሲያጣ ማየት ያሳዝናል።

ለጥቁር ጥጥ መነሻ የሚሆን ልኬት ልስጣችሁ። 920 ግራም ዲስቻርጅ ቤዝ (ፒግመንቱ የሚበጠበጥበት መነሻ ቅይጥ)፣ 80 ግራም ቀይ ፒግመንት፤ ይህ 1 ኪሎ ይሆናል። ሊታተም ሲል 60 ግራም አክቲቬተር ይጨመርበታል፤ 6 በመቶ ማለት ነው። አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 በመቶ ይመክራሉ፤ ስለዚህ በእጃችሁ ያለው ቆርቆሮ ላይ የተጻፈው ከእኔ ቃል ይቀድማል። አክቲቬተሩ ሲያንስ ጥቁሩ በግማሽ ይቀርና ቀዩ ቡናማ ይሆናል። ሲበዛ ደግሞ ቀዩ አይደምቅም፤ ሽታው ይከፋል፣ ሥራ ላይ ያልዋለ ኬሚካልም በጨርቁ ላይ ይቀራል። ጥቂት ሲበጠበጥ ስህተቱ ይጎላል፦ 200 ግራም ቀለም 12 ግራም አክቲቬተር ይበቃዋል፤ 5 ግራም ብቻ ቢያልፍ ልኬቱ 8.5 በመቶ ደረሰ። ማንኪያ ይህንን ልዩነት አያሳይም።

የመዘናችሁትን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፉ። ግራሙን፣ የፒግመንቱን ስም፣ ቲሸርቱ ከየትኛው ነጋዴ እንደመጣ ጭምር ጻፉ።

ቀዩን ባልዲ ውስጥ እያዩ ማስተካከል

ባልዲ ውስጥ ያለው ቀይ ስለ ታተመው ቀይ የሚነግራችሁ ጥቂት ነው። ጥቁር ላይ ስኩዊጂው (ቀለሙን በስክሪኑ የሚገፋው ላስቲክ) እንዳለፈ እርጥቡ ጽሑፍ በጭንቅ ይታያል፤ ጥቁር ላይ የፈሰሰ ውሃ ይመስላል። ጀማሪው በዚህ ይደነግጥና ፒግመንት ይጨምራል። ታገሱ። ሙቀት ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ እንፋሎት ይነሳል፣ አፍንጫ የሚቆነጥጥ ሽታ ይመጣል፣ ከዚያ ከፊደሎቹ ጠርዝ ጀምሮ ቀዩ እየፈካ ይወጣል። መፍረድ የሚቻለው ያ ቲሸርት በርዶ፣ ታጥቦና ደርቆ ሲታይ ነው።

ጥቁሩ ሲጠፋ ጨርቁ ነጭ አይሆንም። ክሬም ወይም ፈዛዛ ቡናማ መደብ ይቀራል፤ ያ መደብ ቀዩን ወደ ብርቱካናማና ወደ ጡብ ይስበዋል። ስለዚህ ወደ ሰማያዊ ጠጋ የሚል ቀይ ምረጡ፣ ወይም በጥቂት ግራም ማጀንታ አስተካክሉት። ለማድመቅ ብሎ ነጭ የሚጨምር ሰው ሮዝ ያገኛል።

ማንኛውም ቀይ ፒግመንት ይሆናል ብሎ ማሰብ

አንዳንድ ቀይ ፒግመንቶችን አክቲቬተሩ ራሱ ያጠፋቸዋል። የጨርቁን ጥቁር የሚበላው ኬሚካል የእናንተንም ቀይ ይበላል፤ የሚያንጸባርቁት ፍሎረሰንት ቀለሞች ደግሞ በተለይ አይታመኑም። ፈተናው ቀላል ነው። አንዱን ቀይ ለሁለት ክፈሉት፣ በአንዱ አክቲቬተር ጨምሩ፣ ሁለቱንም በነጭ ጥጥ ላይ ጎን ለጎን አትሙና በሙቀት አብስሏቸው። አክቲቬተር ያለበት ከሌላው ከፈዘዘ ያ ፒግመንት ለዚህ ሥራ አይሆንም። ርካሽ ስለሆነ ብቻ የተገዛ ቀይ ስንት ሥራ እንዳበላሸ ስለማውቅ ይህን ፈተና ያላለፈ ፒግመንት መደርደሪያዬ ላይ አይቀመጥም።

ፒግመንት መቆለል

ከ10 በመቶ በላይ ሲሄድ ቤዙ ውስጥ ያለው ማጣበቂያ ፒግመንቱን መያዝ ያቅተዋል። ቀዩ ለጊዜው ይደምቃል፤ የጥምቀት ዕለት ግን ከላይ የተደረበውን ነጭ ነጠላ ያቀላል። ከማስረከባችሁ በፊት እርጥብ ነጭ ጨርቅ ወስዳችሁ ጽሑፉን ጠበቅ አድርጋችሁ እሹት። ጨርቁ ከቀላ አታስረክቡ።

አክቲቬተር ጨምሮ ማሳደር

አክቲቬተር የገባበት ቀለም ዕድሜው የሰዓታት ነው፤ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ብላችሁ ያዙት። አንድ ቡድን የከተራ ዋዜማ ሌሊቱን ሊያትም አስቦ ባልዲውን ሙሉ አክቲቬተር ጨመረበት። መብራት ሄደ። ክዳኑን ጥርቅም አድርገው ተኙ። ጠዋት ክዳኑ አብጦ ነበር፤ ቀለሙ ጋዝ ስለሚያወጣ ታፍኖ መቀመጥ የለበትም። የባሰው ግን ያንኑ ቀለም ማተማቸው ነው። ሁሉም ቲሸርት ጡብ ሆኖ ወጣ፣ ለመድገምም ጊዜ አልነበረም። ቤዙንና ፒግመንቱን አስቀድማችሁ በጥብጡ፤ ያ አይበላሽም። አክቲቬተር ግን በአንድ ጊዜ ታትሞ ለሚያልቀው ያህል ብቻ ይግባ። ዱቄቱ ሳይሟሟ ከቀረ ጽሑፉ ነጠብጣብ ያወጣል፤ ስለዚህ ጥቂት ለብ ባለ ውሃ አሟሙታችሁ ጨምሩ። የተረፈውን ዱቄት እርጥበት እንዳያገኘው አጥብቃችሁ ዝጉት።

ፀሐይ ላይ ማስጣት

ደብረ ብርሃን ከፍታዋ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ የጥር ነፋሷም ደረቅ ነው። አትሞ በገመድ ላይ የሚያሰጣና ማታ ሰብስቦ የሚተኩስ ሰው ቀለሙን ከሥራው በፊት ያደርቀዋል። ኬሚካሉ ሥራውን የሚሠራው እርጥበቱ ሳያልቅ ሙቀት ሲያገኝ ነው። ስለዚህ ከጠረጴዛው ቀጥታ ወደ ማሞቂያው ውሰዱት። ሸዋ ሮቢት ቆላ ላይ የሚሠሩት ችግራቸው ሌላ ነው፤ ቀለሙ ስክሪኑ ላይ እያለ ስለሚደርቅ ጉድጓዶቹ ይዘጋሉ። ውሃ በብናኝ እየረጩና ስክሪኑን ቀለም እያለበሱ ቶሎ ቶሎ መሥራት ይበጃቸዋል።

የሙቀቱ መጠን በአብዛኛው 160 ዲግሪ ነው፤ ይህም የማሽኑ ሳይሆን የቀለሙ ሙቀት ነው። ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ቀለሙ እዚያ አይደርስም። እዚያ ከደረሰ በኋላ ቢያንስ 1 ደቂቃ ተኩል ይቆይ። ሂት ፕሬስ (በሙቀት የሚጫን ማሽን) ያላችሁ መጀመሪያ ሳትጫኑ ከላይ አንዣቡበት፣ እንፋሎቱ ይውጣ፣ ከዚያ ጫኑ።

የቲሸርቱን ዓይነት አለመጠየቅ

ፖሊስተር አይሆንም። ድብልቅ ጨርቅ ግራጫማ ሆኖ ይቀራል። መቶ በመቶ ጥጥ ሆኖ እንኳ ደማቅ ሰማያዊና አንዳንድ አረንጓዴ አይለቁም። ከእያንዳንዱ አዲስ እሽግ አንድ ቲሸርት አውጥታችሁ ሞክሩ።

በርና መስኮት ዘግቶ መሥራት

የከተማችን ብርድ ሰውን በር ያዘጋዋል፤ ይህ ግን ጤናን የሚነካ ነገር ነውና በምንም አልደራደርበትም። አክቲቬተሩ ሲሞቅ ፎርማልዲሃይድ ይወጣዋል፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው ጋዝ ነው። የጨርቅ ጭምብል አያስቀረውም፤ የጋዝ ማጣሪያ ያለው ጭምብል ያስፈልጋል። ማሞቂያውን መስኮት ሥር አድርጉ፣ አየሩን ወደ ውጭ የሚገፋ ማራገቢያ ግጠሙ፣ ጃኬት ደርቡና በሩን ክፈቱት። ልጅ አዝላችሁ ወይም ልጅ አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ አትሥሩ። ትርፉንም ቀለም ወደ በሬሳ ወንዝ በሚወርድ ቦይ አትድፉ፤ አክቲቬተሩ ውስጥ ያለው ዚንክ ውሃ ውስጥ ያለውን ሕይወት ይጎዳል። የታተመውን ቲሸርት፣ በተለይ የሕፃናት ከሆነ፣ ሳይታጠብ ለማንም አታልብሱ። ደንበኛው ቢቸኩልም አጥባችሁ ስጡት፣ ወይም አጥቦ እንዲለብሰው በግልጽ ንገሩት።