ትሎቹን የሚጨርሳቸው ረሃብ አይደለም፦ በትል ማዳበሪያ ዝግጅት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የወጥ ቤት ትርፍራፊንና የከብት እበትን በምድር ትል አማካይነት ወደ ማዳበሪያ የመለወጥ ሥራ፣ በተለምዶ ቨርሚኮምፖስት የሚባለው፣ በአገራችን ከአርሶ አደሩ ጓሮ አልፎ በከተማ ግቢዎችም እየታየ ነው። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሆኖም ትል ገዝተው ወይም ከወዳጅ ተቀብለው ከጀመሩ በኋላ በወር ጊዜ ውስጥ ባዶ ሳጥን ታቅፈው የሚቀሩ ጀማሪዎች ጥቂት አይደሉም። እኔ እንዳስተዋልኩት ከሆነ፣ ትሎቹን የሚጨርሳቸው ረሃብ ሳይሆን የባለቤታቸው ችኮላና ቸርነት ነው።

አንዳንዱ ገና ከመነሻው የሚሳሳተው በትሉ ዓይነት ነው። ጓሮ ሲቆፈር የሚወጣው ሐመር ወይም ግራጫማ ትል አፈር ውስጥ ጠልቆ የሚኖር በመሆኑ እበት በሞላበት ሳጥን ውስጥ አይበረክትም። ለዚህ ሥራ የሚፈለገው በሳይንሳዊ መጠሪያው አይሴኒያ ፌቲዳ የሚባለው ቀይ ትል ሲሆን፣ ኑሮው ከአፈር በላይ በሚከማች ብስባሽ ውስጥ ነው፤ በሰውነቱ ላይ ቀይና ቢጫማ ቀለበቶች ስለሚፈራረቁ በዓይን ይለያል።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ግን ትሎችን ትኩስ እበት ላይ መጨመር ነው፤ እኔም የጀመርኩት በዚሁ ነበር። ማታ የገባው ትል ጠዋት ክዳኑን ስከፍት ግማሹ ከክዳኑ ሥር እንደ ክር ተቋጥሮ ተንጠልጥሏል፣ ግማሹ ደግሞ በሳጥኑ ማዕዘን ላይ ነጥቶ ሞቷል። እጄን ወደ እበቱ ስከት ገና ከምጣድ እንደወጣ እንጀራ ይሞቅ ነበር። ትኩስ እበት ሲከመር ረቂቅ ተሕዋስያን በፍጥነት ስለሚያብላሉት ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል፤ ትሉ የሚስማማው ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው፣ ከ35 ካለፈ ይሞታል። በሽንት የራሰ እበትና የዶሮ ኩስ ደግሞ ዓይን የሚያቃጥል አሞኒያ ስለሚያወጡ ሳይሞቁም ይገድሉታል። ስለዚህ እበቱን ከጭድ ጋር አደባልቆ፣ አርጥቦና በየጥቂት ቀኑ እያገላበጡ ሁለት ሦስት ሳምንት ማቆየት ያስፈልጋል። ይህ ቆይታ ሌላም ጥቅም አለው፦ የትል ሳጥን ራሱ ስለማይሞቅ የአረም ዘርን አይገድልም፣ ዘሩን የሚያቃጥለው ይህ የመጀመሪያው ሙቀት ነው። እበቱ መድረሱን የሚጠራጠር ሰው አሥር ትሎችን በጣሳ እበት ውስጥ አሳድሮ ቢያይ ይበቃዋል፤ ጠዋት ውስጡ ገብተው ካገኛቸው ሌሎቹን ያስገባል። ከብቶቹ በቅርቡ የሆድ ትል መድኃኒት ወስደው ከሆነ ግን የእነዚያን ቀናት እበት ለብቻ ማኖር ይገባል፤ መድኃኒቱ ከእበት ጋር ስለሚወጣ የምድር ትሉንም ሊጎዳ ይችላል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ከመጠን በላይ መመገብ ነው። አንድ ኪሎ ትል፣ ሁሉ ነገር ከተመቸው፣ በቀን እስከ ግማሽ ኪሎ ይበላል ተብሎ ይገመታል፤ አዲስ የገባ ትል ግን ይህን ያህል ስለማይበላ በሩቡ መጀመር የተሻለ ነው። የቀደመው ሳያልቅ አዲስ ሲደረብበት ከሥር ያለው አየር አጥቶ ይኮመጥጣል፣ ይሸታል፣ ዝንብም ይጠራል። የአትክልት ልጣጭ፣ የጎመን ቅጠል፣ የሙዝ ልጣጭና የቡና አተላ የሚስማሙት ምግቦች ናቸው፤ ሎሚና ብርቱካን፣ ጥሬ ሽንኩርት፣ ሥጋና ዘይት ያለበት ነገር ግን መግባት የለበትም። እኛ ዘንድ በተለይ የሚያስቸግረው ወጥ የነካው እንጀራ ነው፤ እህል መጣል ነውር ስለሆነብን ለትሉ እንሰጠዋለን፣ ጨውና በርበሬው ግን ለስላሳ ቆዳውን ያቃጥለዋል። ምግቡ ሁልጊዜ ከጭድ፣ ከደረቀ ቅጠል ወይም ከተቀደደ ካርቶን ጋር ቢቀላቀል አየር ያገኛል፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን ዘይት ስላለው አይመከርም።

ውኃን በተመለከተ ስህተቱ በሁለቱም በኩል ነው። ትል የሚተነፍሰው በቆዳው ስለሆነ ሲደርቅ ይታፈናል፣ ውኃ ሲተኛበትም ይታፈናል። ከሳጥኑ አንድ እፍኝ ወስደው ሲጨምቁት አንድ ወይም ሁለት ጠብታ ከወጣ ልኩ ነው፤ ከተንዠቀዠቀ ደረቅ ጭድ ይጨመራል። ሳጥኑ ከሥር ቀዳዳ፣ ከላይ ደግሞ ጥላና ክዳን ከሌለው የክረምት ዝናብ በአንድ ሌሊት ያጥለቀልቀዋል። ከሥር የሚንጠባጠበውን ጥቁር ፈሳሽ እንደ ማዳበሪያ ቀጥታ ተክል ላይ የሚያፈሱም አሉ፤ ያልበሰለ ነገር ያጠበ ውኃ ሊሆን ስለሚችል ቢያንስ በአሥር እጅ ውኃ መቅጠን አለበት፣ በጥሬው ለሚበላ ሰላጣ ደግሞ ፈጽሞ ባይደረግ ይሻላል።

ጉንዳንና ዶሮ ጠላቶቹ ናቸው። የስኳር ዕቃን ውኃ ባለው ሰሃን ላይ እንደሚያስቀምጡ እናቶች፣ የሳጥኑን አራት እግሮች ውኃ በያዙ ጣሳዎች ውስጥ ማቆም ጉንዳኑን ያግዳል፤ ለዶሮዋ ወንፊት ሽቦ ይበቃል።

ማዳበሪያው ሲደርስ፣ ማለትም በሁለት ወይም በሦስት ወር ጠቁሮና እንደ ቡና ዱቄት ፈርፈር ብሎ የአፈር ሽታ ሲሰጥ፣ ብዙዎች ሳጥኑን ገልብጠው ሁሉንም ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። ይህ ሁለት ጉዳት አለው፦ ጠቃሚ ረቂቅ ተሕዋስያኑ ይሞታሉ፣ ቅርጻቸው ሎሚ የሚመስል፣ ከምስር የማይበልጡት የትል እንቁላሎችም አብረው ይደርቃሉ። እንቁላሉ ለመፈልፈል ሦስት ሳምንት ገደማ ስለሚያስፈልገው፣ ምግቡን ለሁለት ሳምንት በሳጥኑ አንድ ጎን ብቻ በማድረግ ትሎቹ ወደዚያ እንዲሰደዱ መጠበቅ፣ ከዚያም የተለቀቀውን ጎን በማንሳት እንቁላሉ እስኪፈለፈል ጥላ ሥር ጥቂት እርጥበት ሳይለየው ማቆየት ይሻላል።

የመጨረሻው ስህተት የግምት ነው። በ100 ኪሎ ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ይገኛል፤ ናይትሮጅኑ ከመቶ አንድ ተኩል የሆነ የትል ማዳበሪያ ይህን ለማሟላት ከ30 ኩንታል በላይ ይፈልጋል፣ ያም ቢሆን በአንድ ወቅት ሁሉ አይለቀቅም። በአንድ በርሜል ሄክታር ሙሉ በቆሎ እቀይራለሁ ብሎ ዩሪያውን ያቆመ ገበሬ ሲያዝን አይቻለሁ። የመጀመሪያውን ምርት ለችግኝ መደብ፣ አንድ እጅ ማዳበሪያ ከሦስት እጅ አፈር ጋር አደባልቆ፣ ወይም ቃሪያና ቲማቲም በሚተከልበት ጉድጓድ ውስጥ በእፍኝ ማድረግ አያሳፍርም።