ታይትል ባሩ አልጠፋ ካላችሁ፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

ደሴ ሰኞ ገበያ ጨርቅ ለሚሸጡ አንዲት እናት የዱቤ መዝገብ አፕ ሠርቼላቸው ነበር። በአንድ እጃቸው ሜትር ይይዛሉ፣ በሌላው ስልኩን። የተበዳሪ ስም ሊፈልጉ ኪቦርዱን ሲከፍቱት የስክሪኑ ግማሽ ይሄዳል። ከላይ ደግሞ የአፑ ስም የተጻፈበት፣ ብዙ ሰው ታይትል ባር የሚለው ወፍራም ሰማያዊ መስመር ተጋድሟል። መሃል ላይ የሚቀረው ሦስት ስም ብቻ ነው።

«ልጄ፣ የዚህን ነገር ስም እኔ አውቀዋለሁ» አሉኝ መስመሩን በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ። «የሰዉን ስም አሳየኝ እንጂ።»

ልክ ናቸው። አንድሮይድ ላይ ይህ መስመር ስልኩ ቀጥ ብሎ ሲያዝ 56 ዲፒ (አንድሮይድ ስክሪን ላይ የሚለካበት አሃድ ነው) ቁመት አለው። የሳቸው ስልክ ሙሉ ቁመቱ 640 ዲፒ ነው። የተበዳሪዎቹን ዝርዝር ስሠራ አንዱን ረድፍ 56 አድርጌው ነበር። መስመሩ ሲነሳ ልክ አንድ ሰው ይጨመራል ማለት ነው። ስልኩን አጋድመው ሲይዙት ባሩ ወደ 48 ይቀንሳል። ያኔ ግን ያላቸው ቁመት 360 ብቻ ስለሆነ ከስምንት አንድ እጅ በላይ ይበላል። ትንሽ ስልክ ይዞ ለሚነግድ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ማጥፋቱ የአንድ ደቂቃ ሥራ ይመስላል። ግን ከደሴም ከኮምቦልቻም ኮዳቸውን ይዘው የሚመጡ ልጆች አብዛኞቹ እዚህ ላይ ይቸገራሉ። ኢንተርኔት ላይ ያገኙትን አራት አምስት መፍትሄ አንዱን ባንዱ ላይ ደራርበውት ነው የማገኘው። ጥፋቱ የነሱ አይደለም። አክሽን ባር፣ ማለትም ይህ ወፍራም መስመር፣ የመጣው በ2011 ከአንድሮይድ 3.0 ጋር ነው። ገጹ ላይ ራሳችሁ የምታስቀምጡት ቱልባር በ2014 ከአንድሮይድ 5.0 ጋር ተከተለው። ከሁለቱም በፊት ደግሞ ቀጭን ታይትል ባር ነበረ። የምታነቡት ምክር የሦስቱም ዘመን ነው፤ የትኛው ለየትኛው እንደሆነ ግን አልተጻፈበትም።

የኮድ ስሞችን በፊደላችን የጻፍኩት ለማንበብ እንዲመች ነው። እናንተ ኮዱ ላይ እንደለመዳችሁት ጻፏቸው።

ከሁሉ በፊት፦ መስመሩን ያመጣው ማን ነው?

ሰዎች «ላይኛው መስመር» የሚሉት ሦስት የተለያየ ነገር ነው። ሰዓት፣ ባትሪና ኔትወርክ የሚታይበት ስታተስ ባር ነው፤ እሱ የስልኩ ነው። የአፑ ስም ወይም የገጹ ስም የተጻፈበት ከቴሙ (የአፑን መልክ ከሚወስነው ቅንብር) የመጣ አክሽን ባር ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ እናንተ ራሳችሁ፣ አለዚያም የምትጠቀሙበት ላይብረሪ (ሌላ ሰው ጽፎ ያዘጋጀው ኮድ) ያስቀመጠው ነው። የቴሙን ባር የሚያጠፋ ኮድ የላይብረሪውን ባር አይነካውም።

ለመለየት አንድሮይድ ስቱዲዮ (ኮዱን የምንጽፍበት ፕሮግራም) ላይ የገጹን ክፍሎች የሚያሳየውን ሌይአውት ኢንስፔክተር ክፈቱና መስመሩን ንኩት። «አክሽን ባር ኮንቴይነር» የሚል ስም ካሳያችሁ ከቴሙ ነው የመጣው። ሌላ ስም ካሳየ የራሳችሁን ኮድ ፈትሹ። የሠራችሁት በጄትፓክ ኮምፖዝ (በአዲሱ የአንድሮይድ ገጽ መሥሪያ) ከሆነ ስካፎልዱ (የገጹ አጽም) ውስጥ «ቶፕ ባር» የሚለውን አውጡት። ፍላተር (ለአንድሮይድም ለአይፎንም አፕ መሥሪያ) ላይ ደግሞ ባሩ የሚኖረው እናንተ ከጻፋችሁት ብቻ ነው፤ ከስካፎልዱ ውስጥ «አፕ ባር» የሚለውን መሰረዝ ይበቃል።

ቴሙን ቀየርኩ፣ ምንም አልተለወጠም

ትክክለኛው መንገድ የቴሙን ወላጅ (መልኩን የሚወርስበትን ቴም) መጨረሻው «ኖ አክሽን ባር» በሚል መቀየር ነው። ይህን አድርጋችሁ ካልሠራ ማኒፌስት ፋይሉን (የአፑ ስምና ገጾች የሚመዘገቡበትን) ክፈቱ። ቴም በሁለት ቦታ ይሰጣል፦ ለመላው አፕሊኬሽን ከላይ፣ ለአንድ አክቲቪቲ (ለአንድ ገጽ) ደግሞ ከስር። ሁለቱም ካሉ የአክቲቪቲው ያሸንፋል። ከስር የተረሳ አሮጌ ቴም ካለ ከላይ የቀየራችሁት ለዚያ ገጽ ምንም አይፈይድም።

ሁለተኛው ምክንያት ለዓይን አይታይም። ወላጁን ትታችሁ «ዊንዶው አክሽን ባር» እና «ዊንዶው ኖ ታይትል» የሚሉትን ራሳችሁ ጽፋችሁ ይሆናል። አፕኮምፓት (አዲሱን መልክ አሮጌ ስልክ ላይም የሚያሠራው የጉግል ላይብረሪ) እነዚህን የሚያነባቸው ከፊታቸው «አንድሮይድ» እና ሁለት ነጥብ ሳይኖር ነው። ቅድመ ቅጥያውን ከጻፋችሁበት ኤረር ሳያሳይ ዝም ብሎ ያልፋቸዋል። አንድ ቀን ሙሉ እዚህ ላይ የተቀመጠ ልጅ አውቃለሁ።

ቀን የለም፣ ማታ ይመለሳል

የሰኞ ገበያዋ እናት አፑን ባስተካከልኩላቸው በሳምንቱ ደወሉልኝ። «መስመሯ ማታ ማታ ትመጣለች» አሉኝ። በነጋታው ሄጄ አየሁ፣ የለችም። ደግሜ ከሰዓት በኋላ ሄድኩ፣ የለችም። ሳያዩ እንደማይናገሩ ስለማውቅ ስልኩ ላይ የሆነ ነገር እንዳለ ገባኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አላገኘሁትም።

ሦስተኛ ቀን አመሻሽ ላይ ሱቃቸው ተቀምጬ ሳለ መብራት ጠፋ። ስልካቸው ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ስለዋለ ባትሪው ሊያልቅ ትንሽ ነበር የቀረው። ባትሪ ሴቨር በራሱ በራ። ስክሪኑ ጠቆረ። አፑን ሲከፍቱት ያቺ መስመር ከነስሟ ቁጭ ብላለች። «ይኸው!» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድሮይድ ስቱዲዮ ፕሮጀክት ሲከፍትላችሁ ብዙ ጊዜ ሁለት የቴም ፋይል ይሰጣችኋል። አንዱ «ቫልዩስ» ፎልደር ውስጥ ነው። ሌላው «ቫልዩስ ናይት» ውስጥ። እኔ ያስተካከልኩት የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ ስልኩ ዳርክ ሞድ ሲገባ አፑ ሁለተኛውን ያነባል፤ እዚያ ውስጥ አሮጌው ወላጅ እንዳለ ነበር። በአንዳንድ ስልኮች ደግሞ ባትሪ ሴቨር ሲበራ ዳርክ ሞዱም አብሮ ይበራል። ማታ ማታ ባትሪው ባነሰ ቁጥር መስመሯ የምትመለሰው ለዚህ ነው።

«አብሽሩ እትዬ፣ አገኘሁት» አልኳቸውና እዚያው ላፕቶፔን አወጣሁ።

ሁለቱም ፋይሎች ላይ ወላጁን ወደ «ኖ አክሽን ባር» መቀየር ይሠራል። እኔ ግን ሌላውን እመርጣለሁ። ስሙ ውስጥ «ዴይናይት» ያለበትን የኖ አክሽን ባር ወላጅ ያዙ። ቴሙን «ቫልዩስ» ውስጥ አንዴ ብቻ ጻፉት። «ናይት» ፎልደር ውስጥ የቀለም ፋይል ብቻ አስቀሩ። ያኔ የምትረሱት ሁለተኛ ቴም አይኖርም። ለመሞከር መምሸቱን አትጠብቁ፤ ከላይ ስባችሁ ዳርክ ሞዱን አብሩና አፑን እንደገና ክፈቱት።

አፑ ገና ሲከፈት ይዘጋል

ሎግካት (አንድሮይድ ስቱዲዮ የአፑን መልእክት የሚያሳይበት) ላይ የሚወጣውን ኤረር ሳታነቡ ምንም አትንኩ። ባር በማጥፋት የሚመጡት ክራሾች ጥቂት ናቸው፤ እያንዳንዱም የራሱ መልእክት አለው።

«የአፕኮምፓት ቴም መጠቀም አለብህ» የሚል ከሆነ ከድሮ ምክር «ኖ ታይትል ባር» የሚለውን ቴም ቀድታችኋል። እሱ ከአፕኮምፓት አክቲቪቲ ጋር አይሄድም። በአፕኮምፓቱ ኖ አክሽን ባር ተኩት።

«ሪኩዌስት ፊቸር ይዘት ከመጨመሩ በፊት መጠራት አለበት» ካለ የኮዱ መስመሮች ቅደም ተከተል ነው የተበላሸው። ባሩን የሚያስቀረው ትእዛዝ «ሴት ኮንቴንት ቪው» ከሚለው በላይ መግባት አለበት። አፕኮምፓት ላይ ደግሞ ከፊቱ «ሰፖርት» የሚል ያለበትን ተጠቀሙ፤ ያለዚያ ክራሹ ቢቀርም ባሩ አይጠፋም።

የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ከኮምቦልቻ ደሴ ድረስ ላፕቶፑን ይዞ የመጣ ልጅ ነበር። «ወንድሜ፣ ባሩን ደብቅ አልኩት፣ አፑ ራሱ ተደበቀ» አለኝ። ኮዱን አየሁት። «ጌት አክሽን ባር» ብሎ ጠርቶ በላዩ ላይ «ሃይድ» ይላል። አፕኮምፓት ላይ እሱ ባዶ ነው የሚመልሰው፤ ባዶ ነገር ላይ ትእዛዝ ሲሰጥ አፑ ይወድቃል። «ጌት ሰፖርት አክሽን ባር» አድርገን፣ ባዶ ከሆነ እንዲያልፈው የጥያቄ ምልክቷን ጨመርን። ሻይ ሳንጨርስ አለቀ።

«ዊንዶው አክሽን ባር» ብቻውን ሐሰት ተደርጎ «ዊንዶው ኖ ታይትል» እውነት ሳይደረግ ሲቀርም አፑ ይዘጋል። አፕኮምፓት ሁለቱን አብረው ይፈልጋቸዋል።

ሲከፈት ብልጭ ብሎ ይጠፋል

ይህ ከአንድሮይድ 12 በፊት ባሉ ስልኮች ላይ ይታያል። በገበያችን እንዲህ ያለ ስልክ ብዙ ነው። ባሩን በኮድ ስትደብቁ ስልኩ ኮዳችሁ ከመጀመሩ በፊት ቴሙን አይቶ ጊዜያዊ መስኮት ይስላል፤ እዚያ መስኮት ላይ ባሩ አለ። በቴም አጥፉት፣ ብልጭታው ይቀራል። በኮድ መደበቅ የሚያስፈልገው ባሩ አንዴ እንዲታይ፣ አንዴ እንዲጠፋ ስትፈልጉ ነው፤ ለምሳሌ ፎቶ በሙሉ ስክሪን ሲከፈት።

ሁለት ርዕስ አንዱ ባንዱ ላይ

የራሳችሁን ቱልባር ጨምራችሁ የቴሙን ባር አላነሳችሁም። «ይህ አክቲቪቲ ከመስኮቱ የተሰጠው አክሽን ባር አስቀድሞ አለው» የሚለው ኤረርም ከዚሁ ነው የሚመጣው። ኖ አክሽን ባር ሁለቱንም ይፈታል።

ሪአክት ኔቲቭ (በጃቫስክሪፕት አፕ መሥሪያ) ላይ ምክንያቱ ሌላ ነው። ታቦቹ ስታክ (ገጾችን አንዱን ባንዱ ላይ የሚደረድር) ውስጥ ሲሆኑ ውጪኛውም ውስጠኛውም የየራሱን ሄደር ያወጣል። «ሄደር ሾውን» የሚለውን ሐሰት ማድረግ ያለባችሁ ውጪኛው ስታክ ላይ፣ ታቦቹን በያዘው ስክሪን ነው። ኤክስፖ ራውተርን (ገጾችን ከፎልደር ስም የሚያወጣውን) የምትጠቀሙ ልጆች በቅንፍ ውስጥ «ታብስ» የሚል እንግዳ ርዕስ ካያችሁ እሱ የፎልደራችሁ ስም ነው። መፍትሄው ይኸው ነው፤ ፎልደሩን አትሰርዙ።

ባሩ ጠፋ፣ ጽሑፉ ግን ሰዓቱ ስር ገባ

ባሩ እስካለ ድረስ ይዘቱ ከሱ በታች ይጀምር ነበር። አሁን የሚያቆመው የለም። በ2024 የወጣው አንድሮይድ 15 ደግሞ ኤስዲኬ 35ን (የራሱን የአንድሮይድ 15ን የመሥሪያ ቁጥር) ዒላማ ያደረገ አፕ ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዲሳል ያስገድዳል። የመጀመሪያው ተበዳሪ ስም ባትሪው ምልክት ላይ ይደረባል።

ከላይ 24 ዲፒ ክፍተት ሰጥቶ ማለፍ ያጓጓል። አታድርጉት። ካሜራቸው ስክሪኑ ውስጥ የገባ ስልኮች ስታተስ ባራቸው ከዚያ ይረዝማል። ስልኩን ራሱን ጠይቁት፤ ኢንሴት የሚባለው ይህን ልክ ይነግራችኋል። ኮምፖዝ ላይ «ሴፍ ድሮዊንግ ፓዲንግ» አለ። ፍላተር ላይ «ሴፍ ኤሪያ» አለ። በኤክስኤምኤል ለምትሠሩ የኢንሴት ሊስነር ውጪኛው ሌይአውት ላይ አድርጉ።

አይከኑ ስም አጣ

ርዕሱን ለማጥፋት ብሎ ማኒፌስቱ ላይ «ሌብል» የሚለውን ባዶ የሚያደርግ ሰው አለ። የመክፈቻው አክቲቪቲ ሌብል አይከኑ ስር የሚጻፈው ስም ነው። ስክሪኑን በድምፅ የሚያነበው ቶክባክም ለዓይነ ስውራን ገጹ ሲከፈት የሚያነበው ርዕስ ከዚያው ነው የሚመጣው። ሌብሉን መልሱ። ባሩ ባይታይም ስሙ ይኑር።

መመለሻው አብሮ ጠፋ

አንድሮይድ የራሱ መመለሻ ስላለው ሰው አይታሰርም። አይፎን ላይ ግን ናቪጌሽን ባሩን ስትደብቁ የመመለሻ ምልክቷ አብራ ትሄዳለች። ከጠርዝ ስቦ መመለሱም ሊቆም ይችላል። የራሳችሁን መመለሻ ቁልፍ ገጹ ላይ ሳታስቀምጡ አታጥፉት። ባሩ ደግሞ የገጹ ሳይሆን የናቪጌሽን ኮንትሮለሩ ስለሆነ አንድ ገጽ ላይ ከጠፋ ቀጣዩም ላይ እንደጠፋ ይቀራል። ገጹ ሊታይ ሲል ደብቁት፣ ገጹ ሊሄድ ሲል መልሱት።

ሰኞ ገበያ ያለው አፕ ላይ ባሩን ከዝርዝሩ ገጽ ነው ያነሳሁት። የአንድ ተበዳሪ ሒሳብ የሚታይበት ገጽ ላይ ግን ትቼዋለሁ። እዚያ ላይ የሚጻፈው የሰዉ ስም ነው።