ሻብሊን በበረዶ አትግደሉት

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ለአንድ ባልና ሚስት ሻብሊ የሚባለውን የፈረንሳይ ነጭ ወይን፣ ያውም ከፍተኛ ደረጃውን ግራን ክሩን ከፈትኩ። ሰውየው ጠርሙሱን ከእጄ ተቀብሎ በረዶ የሞላው ባልዲ ውስጥ እስከ አንገቱ ነከረው። ከ20 ደቂቃ በኋላ ጠራኝና «ይሄ ነገር ውሃ ውሃ ይላል» አለኝ። ልክ ነበር፤ ውሃ ውሃ ይላል። ጥፋቱ ግን የወይኑ አልነበረም።

ፓሪስ ውስጥ በአንድ የዓሣ ምግብ ቤት ወይን ስቀዳ 11 ዓመቴ ነው። ይህን ስህተት ሳላይ ያለፈ ሳምንት ትዝ አይለኝም። ስለዚህ መጀመሪያ እሱን ልናገርና ይውጣልኝ።

ነጭ ወይን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ቅዝቃዜን ነው፤ ልክ እንደ ቢራ። ሻብሊ ግን የሚጠጣው ለሽታውና ምላስ ላይ ለሚቆየው ጣዕም ነው። ብርድ ሲበዛበት ሽታው ይታሰራል፤ የሚቀረው ኮምጣጣነቱ ብቻ ነው። ያን ያህል ብር ከፍላችሁ ኮምጣጣ ውሃ ትጠጣላችሁ ማለት ነው! ለተራው ሻብሊ 10 ወይም 11 ዲግሪ ይበቃዋል። ግራን ክሩ ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ይፈልጋል። የቤት ፍሪጅ ደግሞ 4 ወይም 5 ዲግሪ ላይ ነው። ስለዚህ ከፍሪጅ አውጡና ሩብ ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ተዉት፤ ግራን ክሩ ከሆነ ግማሽ ሰዓት። ከቸኮላችሁ ብርጭቆውን በሁለት መዳፋችሁ እቀፉት። በመጀመሪያ ምንም አይሸትም። ቀጥሎ አረንጓዴ ፖም፣ ከዚያ የሎሚ ልጣጭ፣ በመጨረሻ ዝናብ የነካው ድንጋይ የሚመስል ሽታ ይመጣል። የቅዳሜውንም ጠርሙስ ከባልዲው አውጥቼ በፎጣ አደረቅኩት። «ትንሽ ይታገሡኝ» አልኩና ሄድኩ። ስመለስ ሰውየው ለሚስቱ ራሱ እየቀዳላት ነበር።

ሌላው፣ «ሻርዶኔ አልወድም፣ ሻብሊ ስጠኝ» የሚለው ነው። ሻብሊ የሚሠራው ከሻርዶኔ ብቻ ነው፤ ሌላ የወይን ዝርያ አይገባበትም። ሰው የሚጠላው የቅቤና የቫኒላ ጣዕሙን ነው። ቫኒላው የሚመጣው ከአዲስ የኦክ በርሜል ነው፤ አብዛኛው ሻብሊ ግን የሚጠመቀው በማይዝግ ብረት ጋን ውስጥ ነው። አገሩም ብርዳም ነው። ከፓሪስ በደቡብ ምሥራቅ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ሰረን በሚባል ወንዝ ዳር ይገኛል። ሚያዝያ ላይ ውርጭ ሲመጣ ገበሬው ሌሊቱን በተክሉ መሃል ሻማ እያበራ ያድራል። በ2021 ውርጩ ክፉኛ ነው የመታቸው። መሬቱን ብትቆፍሩት በኖራ ድንጋዩ ውስጥ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ ጥቃቅን የኦይስተር (በጥሬው የሚበላው የባሕር ቀንድ አውጣ መሰል ዛጎል ለበስ እንስሳ) ቅሪቶች ታገኛላችሁ። የእኛው አገር የዝዋይ ሻርዶኔም ዝርያው ያው ነው፤ ፀሐዩ ግን ሌላ ነው። እሱን የለመደ ሰው ሻብሊ መጀመሪያ ቢከብደው አይገርመኝም።

ፐቲ ሻብሊ ማለት ትንሽ ጠርሙስ ማለት አይደለም፤ ውዳቂም አይደለም። ከኮረብታው አናት ካለው መሬት የሚመጣ፣ በወጣትነቱ የሚጠጣ ቀለል ያለ ወይን ነው። ግራን ክሩን ደግሞ ገና በሦስት ዓመቱ አትክፈቱት፤ አሥር ዓመት ቢቆይ ይክሳችኋል።

አሜሪካ ያላችሁ፣ በትልቅ ጠርሙስ የሚሸጠውና «ካሊፎርኒያ ሻብሊ» የሚለው ከስሙ በቀር ከሻብሊ ጋር አይገናኝም።

ኦይስተር ላይ ሎሚ መጭመቅ ይቅር። ወይኑ ራሱ ሎሚያችሁ ነው። ሽንኩርት የተከተፈበት ኮምጣጤ ከጨመራችሁበትማ ወይኑ አፋችሁ ውስጥ ይጠፋል።

ደግሞም ሻብሊ የኦይስተር ብቻ አይደለም። ከግራን ክሩ አንድ ደረጃ ዝቅ የሚለው ፕሪሚዬ ክሩ ከሆነ የተጠበሰ ዶሮ በክሬም ሶስ ስጡት። የፍየል ቺዝ፣ ኮምቴ የሚባለው ጠንካራ ቺዝ፣ እዚያው አጠገብ የሚሠራው ለስላሳው የሻውርስ ቺዝ ሁሉም ይስማሙታል። ብዙ ፈረንሳዊ ቺዝ ሲመጣ ቀይ ወይን ያዛል፤ በበኩሌ ለፍየል ቺዝ ነጩን አስበልጣለሁ። የአካባቢው ሰው አንዱየት ከሚባለው የአሳማ አንጀት ጋር ይጠጣዋል። እኔ አሳማ ስለማልበላ ስለእሱ የምመሰክረው የለኝም።

አሁን የራሴን ልናገር። ሥራውን በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ለፋሲካ ጓደኛዬ ቤት ተጠራሁ። ያለኝን አራግፌ ሁለት ፕሪሚዬ ክሩ ገዛሁና ከዶሮ ወጥ ጋር አቀረብኩ። የጓደኛዬ እናት አንድ ጊዜ ተጎነጩና «ልጄ፣ ያቃጥላል እኮ» ብለው ብርጭቆውን አስቀመጡት። በርበሬው ላይ አልኮሉና ኮምጣጣነቱ ሲደረብ ቃጠሎው ይብሳል፤ ወይኑም ፍሬው ሁሉ ይጠፋል። ለዶሮ ወጥ ጣፈጥ ያለ ነገር ነው የሚስማማው። ከፈረንሳይ ወይን ካላችሁ ጣፈጥ ያለው ቩቭሬ የሚባለው ነጭ ወይን ይሻላል፤ ጠጅ ካለም ጠጅ።

በዓመቱ እዚያው ቤት ያንኑ ወይን ይዤ ሄድኩ። በዚህኛው ግን ቀድሜ ደውዬ ዓሣ እንዲጠበስ ለመንኩ። ሙሉ ዓሣ፣ በጨው ብቻ፣ ቆዳው እስኪንኮሻኮሽ። ወይኑን ከመብላታችን ሩብ ሰዓት በፊት ከፍሪጅ አወጣሁት። እናትየው አዋዜውን ወደ ጠረጴዛው ዳር ገፋ አደረጉና «እስቲ ድገመኝ» አሉኝ።