ቤት የሚገዙበትን ሰፈር በክረምት መውጫ ይዩት

በባሕር ዳር ለቤተሰብ የሚሆን ቤት ለመግዛት ያሰበ ሰው ሰፈሩን በበጋ ብቻ አይቶ ቀብድ እንዳይከፍል አጥብቄ እመክራለሁ። የጣና ውኃ ከፍ የሚለው በመስከረምና በጥቅምት በመሆኑ፣ በሚያዝያ ደረቅ የነበረ የሐይቅ ዳር ግቢ ያን ጊዜ ውኃ ሊያቁር ይችላል፤ ወባም የሚበረታው በዚሁ ወቅት ስለሆነ፣ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ከቤቱ ስፋት ይልቅ ይህ ሊያሳስብ ይገባል። ስለዚህ በዝናብ ማግስት በእግር ሄደው የአጥሩን ግርጌ ይመልከቱ፤ እርጥበት የተወው መስመር ካለ ወይም ቀለሙ ከታች ብቻ አዲስ ከሆነ፣ የመጸዳጃ ጉድጓዱ በክረምት ይሞላ እንደሆነ ጎረቤት ሳይጠይቁ አይለፉ። አባይ ማዶን የሚመርጡ ደግሞ፣ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ ድልድይ መንገዱን ቢያቀለውም፣ ጠዋት በተማሪዎች መግቢያ ሰዓት ራስዎ ተመላልሰው ይሞክሩት።